በአንደኛ ደረጃ የሥዕል ትምህርት፦ ከሰሌዳ ከመገልበጥ ሌላ ምን መንገድ አለ?

ጥያቄ — የሐይቅ ዳር መምህርት (ተሁለደሬ)

ጤና ይስጥልኝ፣ የሙያ ባልደረቦቼ። በአንድ የገጠር አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የ3ኛና የ4ኛ ክፍል ተማሪዎችን አስተምራለሁ። የሠለጠንሁት በቋንቋ ቢሆንም፣ በአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት የክወናና እይታ ጥበባት ራሱን ችሎ ስለመጣና ለእርሱ ብሎ የሠለጠነ መምህር ስለሌለን፣ እንደ ብዙዎቻችሁ ሁሉ ክፍለ ጊዜው በእኔ ላይ ተደርቧል። የሙዚቃውና የውዝዋዜው ክፍል እምብዛም አያስቸግርም፤ የወሎ ልጅ እስክስታና ጭብጨባ ከቤቱ ይዞ ነው የሚመጣው። የሚያስጨንቀኝ የሥዕሉ ነገር ነው።

የለመድነው አካሄድ የታወቀ ነው። መምህሩ የሥዕልን ትርጉም ሰሌዳ ላይ ይጽፋል፣ ተማሪው ይገለብጣል፤ ቀጥሎም መምህሩ ጎጆ ቤት፣ ከጎጆው ጀርባ ሁለት ተራራ፣ በተራሮቹ መካከል ጮራዋን የዘረጋች ፀሐይ በጠመኔ ይሥልና ልጆቹ ያንኑ በደብተራቸው ያሰፍራሉ። ከ60 በላይ ደብተር ስሰበስብ ከ60 በላይ ጊዜ ያንኑ ጎጆ አያለሁ፤ አብዛኞቹ ልጆች የሚኖሩት በቆርቆሮ ክዳን ቤት መሆኑን ሳስብ ደግሞ ነገሩ ይበልጥ ያስገርመኛል። ፈተናው "መሠረታዊ ቀለማት የሚባሉት የትኞቹ ናቸው?" የሚል ስለሆነ፣ ቀለም በጣቱ ነክቶ የማያውቅ ልጅ ቀይ፣ ቢጫና ሰማያዊ ብሎ ጽፎ ሙሉ ነጥብ ይወስዳል።

በዚህ መንፈቅ ዓመት "የምታውቁትን ሣሉ" ብዬ ለቀቅ ሳደርጋቸው ግን ያልጠበቅሁት መጣ። አንድ የ3ኛ ክፍል ተማሪ ያረገዘች ላም ሣለና ጥጃዋን በሆዷ ውስጥ ቁልጭ አድርጎ አሳየ። አንዲት ልጅ ደግሞ ገበያ ስትሥል እናቷን ከጭነት መኪናው አስበልጣ አገዘፈቻት። ሥራዎቹን ያየ ባልደረባዬ "ይህ ስሕተት ስለሆነ እርማት ስጪበት" አለኝ፤ እኔ ግን ቀይ እስክሪብቶ ለማንሣት እጄ አልታዘዘኝም።

ስለዚህ የምጠይቃችሁ፣ እንዲህ ያለው ሥዕል መታረም አለበት ወይስ እንዳለ መተው ይገባዋል? ቀለምና ወረቀት በሌለበት ትምህርት ቤት በ40 ደቂቃ ውስጥ ምን ማሠራት ይቻላል? ከወላጆች መካከል ልጃቸው ሰውና እንስሳ እንዲሥልባቸው የማይፈልጉ ስላሉስ፣ ማንንም ሳላስከፋ ትምህርቱን እንዴት ላስኪደው? ልምድ ያላችሁ ብታካፍሉኝ ምስጋናዬ ከልብ ነው።


መልስ — የጥበባት መምህር (ኮምቦልቻ)

ውድ መምህርት፣ እጅዎ አልታዘዝ ማለቱ ደግ ነው፤ ላሟን አያርሟት። ልጁ የሣለው ዓይኑ ያየውን ሳይሆን የሚያውቀውን ነው። ላሚቱ ማርገዟን ያውቃል፣ ጥጃው የት እንዳለም ያውቃል፣ ስለዚህ ያለበት ቦታ አስቀመጠው። ተወላጅነቱ ኦስትሪያዊ የሆነው የጥበብ ትምህርት ሊቅ ቪክቶር ሎውንፌልድ በ1947 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጥናት የልጆችን ሥዕል በዕድገት ደረጃ ከፋፍሎ ሲያቀርብ፣ ከ7 እስከ 9 ዓመት ባለው ዕድሜ የቤትን ግድግዳ ወይም የእንስሳን ሆድ አሳልፎ ውስጡን ማሳየት፣ ሰዎችንና ዛፎችን በወረቀቱ ግርጌ በተሠመረ አንድ የመሬት መሥመር ላይ መደርደር፣ ለልጁ የሚበልጥበትን ሰው ወይም ነገር ማግዘፍ የተለመዱ ጠባዮች መሆናቸውን ገልጿል። የእናትና የጭነት መኪናው ጉዳይም ከዚሁ ይመደባል። ልጅቷ መኪና ከሰው እንደሚበልጥ አጥታው አይደለም፤ ገበያው ለእርሷ እናቷ ናት።

ይልቅ የሚያሳስበው የ4ኛና የ5ኛ ክፍል ተማሪ ነው። ወደ 9 እና 10 ዓመት ሲጠጋ ልጁ ሥዕሉን ከውጭው ዓለም ጋር ማመሳከር ይጀምራል፤ በሬው በሬ እንደማይመስል ራሱ ያየዋል። በዚህ ጊዜ እንዴት ማየት እንዳለበት የሚያሳየው ሰው ካላገኘ "እኔ ሥዕል አልችልም" ብሎ ይተዋል፤ አብዛኞቻችን በዚያው ዕድሜ ትተን ያደግን ነን። ስለዚህ ለ3ኛ ክፍል ነፃነት፣ ለ4ኛ ክፍል ደግሞ ከነፃነቱ ጋር የማየት ሥልጠና ይስጡ እላለሁ። የሁለቱን ክፍል ዕቅድ አንድ ካደረጉት አንደኛው ወገን መጎዳቱ አይቀርም።

የማየት ሥልጠና ስል ከባድ ነገር አይደለም። አንድ ጀበና ይዘው ይግቡ፤ ግን ከቦርሳዎ አያውጡት። መጀመሪያ ልጆቹ ጀበናን ከትዝታቸው ይሣሉት። በየቀኑ የሚያዩት ዕቃ ስለሆነ ሁሉም በአንድ አፍታ ይጨርሳል። ከዚያ ጀበናውን ከነማቶቱ ወንበር ላይ ያስቀምጡና ይጠይቋቸው፦ ጆሮው ከአንገቱ የሚነሣው ከላይ ነው ከመካከል? የታችኛው ጫፉ የሚያርፈው ሆዱ ላይ የት ጋ ነው? አንገቱ የሆዱን ስንት እጅ ያህላል? በጆሮውና በአንገቱ መካከል ያለው ባዶ ቦታ ምን ዓይነት ቅርጽ አለው? እርሳሳቸውን ዘርግተው አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው ይለኩ። ከዚያ ከመጀመሪያው ሥዕል ጎን ሁለተኛውን ይሣሉ። ልዩነቱን ለማስረዳት ምንም መናገር አያስፈልግዎትም፤ ልጆቹ ራሳቸው እየሳቁ ያሳዩዎታል። ይህ አንድ ክፍለ ጊዜ ይበቃዋል፤ እርሳስና ደብተር ብቻ ነው የሚጠይቀው። በሚቀጥለው ሳምንት ጀበናውን አዙረው ጆሮው ወደ ልጆቹ እንዲሆን ቢያስቀምጡት ደግሞ ሌላ አዲስ ትምህርት ይወጣዋል።

ስለ መሣሪያ፣ ጥሩ የመሣያ ከሰል ከማድቤት ከሰል ይለያል። ደረቅና ቀጫጭን ጭራሮ ቅርፊቱን ልጠው በጣት ርዝመት ይቁረጡ፤ በቲማቲም ድልህ ቆርቆሮ ውስጥ ጥቅጥቅ አድርገው ሞልተው አፉን ይክደኑና ክዳኑን በምስማር አንድ ቦታ ብቻ ይብሱት። እሳት ውስጥ ሲገባ በቀዳዳው ጭስ ይወጣል፤ ጭሱ ሲያቆም ከሰሉ ደርሷል ማለት ነው። ዋናው ነገር ቆርቆሮው ሙሉ በሙሉ ሳይቀዘቅዝ አለመክፈት ነው፤ ትኩሱን ከከፈቱት አየር አግኝቶ ይቀጣጠልና አመድ ይሆናል። ይህን ሥራ ልጆች ሳይሆኑ እርስዎ ይሥሩት።

ለቀለም ደግሞ ወሎ አፈሩ ራሱ ገበታ ነው። ከዋልካው ጥቁር፣ ከኮረብታው ቀይ፣ ከተቆረጠ የመንገድ ዳር ቢጫማና ነጣ ያለ አፈር ይገኛል። ይድረቅ፣ ይደቀቅ፣ በሻሽ ይነፋ። ከዚያ በውሃ በጥብጠው ጥቂት ሲቆይ አሸዋው ይዘቅጣል፤ ከላይ ያለውን ድፍርስ ውሃ ወደ ሌላ ዕቃ ገልብጠው ሲያሳድሩት ከሥር የሚቀረው ልም አፈር ነው ቀለም የሚሆነው። ማያያዣ ያስፈልገዋል፤ በውሃ የቀጠነ ኮላ ወይም በውሃ የሟሟ የግራር ሙጫ ይበቃዋል። ያለማያያዣ ከተቀባ ሲደርቅ እንደ ዱቄት ይራገፋል። ብሩሽ ከሌለ ጫፉ የታኘከ መፋቂያ ከብዙ የሱቅ ብሩሽ ይሻላል። ወረቀት ካነሰ ካርቶንና ያለፈበት የቀን መቁጠሪያ ጀርባ አለ። ሰማያዊ ቀለምን ግን ከአፈራችን አያገኙትምና ያን አንዱን ከሱቅ መግዛት የግድ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ልጆቹ በጣም ይወዱታል። እርድ በውሃ በጥብጠው ወረቀት ላይ ይቀቡና ሲደርቅ በአመድ ውሃ በተነከረ መፋቂያ ይሣሉበት፤ ቢጫው ወደ ቀይ ቡናማ ይለወጣል። ፀሐይ ላይ ከሰነበተ ይደበዝዛል እንጂ ለአንድ ቀን ትምህርት የሚያክለው የለም፤ የሳይንስ መምህሩንም ሊጋብዙ ይችላሉ።


መልስ — ጡረተኛው መምህር (ላስታ)

ከላይ የተሰጠው ምክር መልካም ነው፤ ሆኖም መገልበጥን እንዲህ ማጥላላት ተገቢ አይመስለኝም። በዚህ አገር ሥዕል የተማረ ሰው ሁሉ ለብዙ መቶ ዓመታት በመገልበጥ ነው የተማረው። የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ ደቀ መዝሙር መጀመሪያ ቀለም ሲቀጠቅጥ፣ ብራና ሲዳምጥ ይኖራል፤ ከዚያ የመምህሩን መሥመር ደጋግሞ ይከተላል፤ እጁ ከረጋ በኋላ ነው ለብቻው የሚሠራው። ጠያቂዋ በምታስተምርበት በሐይቅ አካባቢ፣ በእስጢፋኖስ ገዳም ያለው የአቡነ ኢየሱስ ሞዓ ወንጌል በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መገባደጃ የተዘጋጀ ባለሥዕል መጽሐፍ ነው። እንዲህ ያለውን ሥራ ከትውልድ ወደ ትውልድ ያሸጋገረው መቅዳት ነው።

ችግሩ መገልበጡ ሳይሆን የሚገለበጠው ነገር ይመስለኛል። መምህሩ በችኮላ በጠመኔ የሠራት ጎጆ ለማንም አርአያ አትሆንም። ሐረግ (የብራና መጻሕፍት የጥልፍልፍ ጌጥ) ግን ትሆናለች። አንድ የሐረግ ጥልፍልፍ ሰሌዳ ላይ አውጥታችሁ ልጁ አንዱ መሥመር በየትኛው በላይ፣ በየትኛው በታች እንደሚያልፍ እየተከተለ እንዲሠራው ብታደርጉ፣ በትዕግሥትም በእጅ ጽሑፍም ያተርፋል። ከዚያ ሦስተኛውን ዙር ራሱ ፈጥሮ እንዲቀጥል ማዘዝ ይቻላል። መቅዳትም መፍጠርም በአንድ ወረቀት ላይ ሆኑ ማለት ነው።

የላሚቱን ነገር ስሰማ ደግሞ ትዝ ያለኝ የጥንቶቹ ሠዓልያን ሥርዓት ነው። ጻድቁን ፊት ለፊት በሁለት ዓይን፣ ክፉውን ግን ከጎን በአንድ ዓይን ይሥሉታል። ይህን የሚያደርጉት ሰይጣን አንድ ዓይን ብቻ አለው ብለው ሳይሆን ማን ምን እንደሆነ ተመልካቹ እንዲያውቅ ነው። ስለዚህ ያወቁትን መሣል የልጅ ጠባይ ብቻ አይደለምና በዚህ ከኮምቦልቻው ባልደረባዬ ጋር እስማማለሁ፤ ያን ተማሪ የሚያርም ሰው የላስታን የግድግዳ ሥዕሎች በሙሉ ለማረም ይዘጋጅ።

ለእኛ አካባቢ መምህራን አንድ ነገር ልጠቁም። የላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት በ1978 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ሲመዘገቡ ዓለም ያየውን የገዛ ልጆቻችን በጥሞና አላዩትም። የቤተ ማርያምን መስኮቶች ብቻ ብትወስዱ የመስቀሉ ቅርጽ ከአንዱ ወደ ሌላው ይለያያል። ልጆቹ ወረቀት አራት ላይ አጥፈው በመቀስ እየቆረጡ ቅርጾቹን ሲያወጡ፣ ግራና ቀኝ እኩል የመሆንን ነገር ከሒሳብ መምህሩ ቀድመው ይረዱታል። የመንግሥት ትምህርት ቤት ሃይማኖት የሚሰበክበት ቦታ አለመሆኑን አውቃለሁ፤ የምለው የጠራቢዎቹን እጅ እንዲያዩ ነው።


መልስ — የወረባቦው መምህርና አባት

አብሽሩ መምህርት፣ የወላጆቹ ጉዳይ ከምታስቡት ይቀላል። እኔም በወረባቦ አስተምራለሁ፣ ልጆቼም በዚሁ ይማራሉ። ነፍስ ያለውን ነገር ስለመሣል በዑለማዎች ዘንድ የተለያየ አስተያየት አለ፤ ፈትዋ መስጠት የእኔም የእርስዎም ድርሻ አይደለም። አባትየው "ልጄ ሰው አይሣልብኝ" ካለ ክርክር መግጠም አያስፈልግም፤ ለዚያ ልጅ የሚሆን ሥራ ማጣት ግን የእኛ ስንፍና ይሆናል። በእርስዎ ጥያቄ "ሰውና እንስሳ" የሚሉት ሁለቱ ብቻ ናቸው የተነሡት። ዛፉ፣ ተራራው፣ ሐይቁ፣ ቤቱ፣ ጀበናው፣ ገበያው ላይ የተደረደረው ሸክላ ሁሉ ክፍት ነው። ሥራውን "ከብት ሣሉ" ከማለት "ከቤታችሁ እስከ ትምህርት ቤት ያለውን መንገድ ሣሉ" ብትሉት፣ ሰው መጨመር የፈለገ ይጨምራል፣ ያልፈለገ ይተዋል፤ ማንም ከክፍሉ ተለይቶ አይታይም። ይህ የመጨረሻው ነጥብ ለእኔ ትልቁ ነው፤ ልጅን በሃይማኖቱ ምክንያት ለብቻው ሌላ ሥራ ሰጥቶ ጥግ ማስቀመጥ ከሁሉ የከፋ ነው።

ሌላው፣ የሙስሊሙ ልጅ ከሥዕል ጋር ባዕድ ነው ብለን አንነሣ። እኛ ቁርኣን ስንቀራ ሉሕ (የእንጨት ሰሌዳ) ላይ የምንጽፍበት ቀለም ከድስት ጥላሸት የሚዘጋጅ ነበር፤ ብዕሩን የምንቀርጸው ራሳችን ነን፤ የፊደሉ ሆድ የት ሰፍቶ የት መቅጠን እንዳለበት ሸኹ በጣታቸው እየከተሉ ያሳዩናል። ከላስታ የጻፉት ጋሼ ስለ ብራናና ስለ ሐረግ ሲያነሡ፣ የቄስ ትምህርት ቤቱ ተማሪም ቀለሙን ከጥላሸት እንደሚበጠብጥ አስታወስሁ። በአንድ ክፍል የሁለቱም ቤት ልጆች አሉን። ሁለቱም የየቤታቸውን ቀለም አሠራር ጠይቀው እንዲመጡና በክፍል እንዲያስረዱ ማድረግ በራሱ የአንድ ሳምንት ትምህርት ነው።

ከሁሉም በላይ ግን የእናቶቻችንን ስፌት አትርሱ። አንድ ሰፌድ ወይም መሶብ ክፍል ውስጥ አምጥታችሁ ልጆቹ ከመሐሉ ጀምረው እስከ ጠርዙ እንዲከታተሉት አድርጉ። ሰፊዋ የጀመረችው ከአንዲት ነጥብ ነው፤ ዙሩ በሰፋ ቁጥር የስፌቱ ብዛት ይጨምራል፣ ጌጡ ግን መጋጠም አለበት። ስምንት ቅጠል ያለው አበባ ያሰበች ሴት ከየቅጠሉ መካከል ስንት ስንት ስፌት እንደምትተው በወስፌዋ እየቆጠረች ነው፤ አንዱን ብትስት ጠርዙ ላይ ቅጠሉ ይዛነፋል። ወረቀት ላይ ሳትነድፍ፣ ሳትለካ! እኔ ይህን የምጠይቀው ልጆቹን ነው፦ "እናትህ ቀዩን አለላ ለምን እዚህ ጋ አቆመችው?" አብዛኞቹ ማታ ቤት ገብተው ጠይቀው ይመጣሉ። አክርማውን ከስንደዶው ለይተው የሚያውቁ ልጆችም በድንገት የክፍሉ ሊቃውንት ይሆናሉ። ከዚያ በክብ ወረቀት ላይ የራሳቸውን ሰፌድ ይነድፋሉ። ይህን ሥራ የተቃወመ ወላጅ አላየሁም፤ አንዳንዶቹ እናቶች እንዲያውም የልጁን ንድፍ ሰፍተውለታል።


መልስ — የወልድያ ወላጅ

ይቅርታ አድርጉልኝና፣ ልጆቻችን በ4ኛ ክፍል አንብቦ መረዳት ሲያቅታቸው እያየን ስለ ከሰልና ስለ አፈር ቀለም መወያየት ቅንጦት አይሆንም? የሥዕል ክፍለ ጊዜ ለንባብና ለሒሳብ ማካካሻ ቢውል የሚቀድም ይመስለኛል። ሥዕል ተሰጥኦ ላለው ነው፤ ተሰጥኦ ያለው ደግሞ ማንም ሳያስተምረው ይሥላል።


መልስ — የጥበባት መምህር (ኮምቦልቻ)

ጥያቄዎ ብዙ ወላጅ በልቡ የያዘው ስለሆነ በግልጽ መቅረቡን ወድጄዋለሁ። ማንበብ የሚያቅተው ልጅ በሳምንት አንድ ክፍለ ጊዜ ሥዕል ስለቀረ ማንበብ አይጀምርም፤ ንባቡ ራሱ የሚማርበት መንገድ መታየት አለበት። በተጨማሪም "ሀ" እና "ሐ"ን፣ "ጸ" እና "ፀ"ን ለይቶ ለመጻፍ የሚያስፈልገው ጥንቃቄ የጀበናውን ጆሮ መነሻ ለይቶ ከማየት የራቀ አይደለም። የ1ኛ ክፍልን ልጅ እጅ በእርሳስ ላይ የሚያረጋጋው አንዱ ነገር መሣል ነው።

ስለ ተሰጥኦ፣ ሠዓሊ ታደሰ መስፍን የተወለደው በእናንተው ከተማ በወልድያ ነው። በአዲስ አበባ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት በነ ገብረ ክርስቶስ ደስታ እጅ ተምሯል፣ በኋላም ራሱ በዚያው አስተምሯል፤ ከሁሉ ይልቅ የሚታወቀው ደግሞ በየገበያው ቆመውና ተቀምጠው የሚነግዱ ሴቶችን በሚያሳዩ ሥዕሎቹ ነው። ተሰጥኦ ነበረው፣ ግን ተምሯል። ለ4ኛ ክፍል ልጅ ስልክ ላይ እነዚያን ሴቶች አሳይቶ "እነዚህን የት ታውቋቸዋላችሁ?" ማለት ይቻላል። እያንዳንዱ ልጅ ሠዓሊ ይሆናል ያለ ሰው ግን የለም። ልብስ ሰፊው፣ ብረት በያጁ፣ ግንበኛው ሁሉ ንድፍ አንብቦ ነው የሚሠራው፤ ይህንንም በኮምቦልቻ ወርክሾፖች በየቀኑ አያለሁ።


መልስ — መምህር (ቆቦ)

ነፃ ሥዕል ስለማሠራት አንድ ማሳሰቢያ አለኝ። በ2013 መጨረሻና በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ በአካባቢያችን ካለፈ ወዲህ፣ "የፈለጋችሁትን ሣሉ" ሲባሉ ጠመንጃ፣ የተቃጠለ ቤት ወይም የሚሸሽ ሰው የሚሥሉ ልጆች ያጋጥማሉ። መምህሩ ሲደነግጥ ወይም ሲቆጣ ልጁ ሁለተኛ አይሥለውም፤ ነገሩ ግን ከልቡ አልወጣም። በክፍሉ ፊት አቁሞ "ይህ ምንድን ነው?" ብሎ መጠየቅም፣ ሳያስፈቅዱት ግድግዳ ላይ መስቀልም ተገቢ አይደለም። እኔ አጠገቡ ቁጭ ብዬ "ስለ ሥዕልህ ልትነግረኝ ትፈልጋለህ?" እላለሁ፤ አልፈልግም ካለም እተወዋለሁ። ሥዕሉ ሲደጋገምና ልጁ ከጓደኞቹ ሲገለል ግን ለወላጁና ለትምህርት ቤቱ ማሳወቅ ያስፈልጋል፤ የሥዕል መምህር ሐኪም አይደለምና ከሥዕሉ ተነሥቶ ብይን አይስጥ።


ጠያቂዋ — የሐይቅ ዳር መምህርት (ተሁለደሬ)

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ላሚቱ ሳትታረም ግድግዳ ላይ ወጥታለች፤ ባለቤቱ ልጅም ፈቅዷል። የወረባቦው መምህር ስለ ሥራው አሰጣጥ የሰጡኝን ሐሳብ በሚቀጥለው ዕቅዴ አስገባዋለሁ፤ ልጅን ጥግ ሳያስቀምጡ ለሁሉም የሚሆን ሥራ መስጠት እንደሚቻል ያሳየኝ እርሱ ነው። በጡረተኛው መምህርና በኮምቦልቻው መምህር መካከል ያለውን የመገልበጥ ክርክር ግን ገና አልጨረስኩትም፤ ሐረጉን ለ4ኛ ክፍል ብቻ ልሞክረው አስቤያለሁ።

አሁን የቀረኝ የምዘናው ነገር ነው። ርዕሰ መምህሩም ሱፐርቫይዘሩም የሚጠይቁኝ ውጤት ነው፤ ተከታታይ ምዘና መያዝ አለብኝ። ጥሩ አድርጎ ለሣለ 10፣ ላልቻለ 4 ብሰጥ የጻፍሁት ሁሉ ከንቱ ይሆናል። ለሁሉም 10 ብሰጥ ደግሞ አይቀበሉኝም። ከ60 በላይ ተማሪ ላይ የሚሠራ ዘዴ ያለው ሰው አለ?


መልስ — የጥበባት መምህር (ኮምቦልቻ)

አለ፣ ብዙም አያደክምም። ለእያንዳንዱ ልጅ ከካርቶን የታጠፈ ማህደር ያሠሩት፤ ስሙን ራሱ ያስጊጠው፣ ያም አንዱ ሥራ ነው። በየሥራው ጀርባ ቀን ይጻፍ። ነጥብ የሚሰጡት አንድን ሥዕል ከጎረቤቱ ሥዕል ጋር አስተያይተው ሳይሆን የአንዱን ልጅ የመስከረም ጀበና ከራሱ የጥር ጀበና ጋር አስተያይተው ይሁን። ልጁ አተኩሮ አየ ወይ? የመሰለውን ራሱ መረጠ ወይስ የጓደኛውን ተከተለ? የጀመረውን ጨረሰ? ስለ ሥራው አንድ ሁለት ዓረፍተ ነገር መናገር ቻለ? በእነዚህ ላይ ነጥቡን ያከፋፍሉት። ቆንጆ ሆነ አልሆነ የሚል ነጥብ በፍጹም አያስገቡ። ያን ጊዜ እጁ የሚቀናው ልጅ ያለ ልፋት ሙሉ ነጥብ አያገኝም፤ እጁ የማይቀናውም ይደርሳል።

ሁሉንም በአንድ ቀን ለማየት አይሞክሩ፤ በሳምንት አንድ ረድፍ ብቻ ይያዙ። ሌሎቹ ሲሠሩ በዚያ ረድፍ መካከል ይዘዋወሩና ማህደሩን ገልጠው ይጠይቁ፣ ምልክቱን በስም መጥሪያው ላይ ያኑሩ። በአንድ ወር ውስጥ ክፍሉ ይዳረሳል። ለሱፐርቫይዘሩ ደግሞ የዕቅዱን ዓላማ ሲጽፉ "ተማሪዎች የሥዕልን ትርጉም ይናገራሉ" በሚለው ፈንታ "ተማሪዎች አንድን ዕቃ ከትዝታና ከእይታ ሥለው ሁለት ልዩነት ያሳያሉ" ብለው ቢያስቀምጡት የሚለካ ነገር ስለሆነ የሚከራከርዎት አይኖርም።

ሐረጉን ይሞክሩት፤ ጡረተኛው መምህር ሦስተኛውን ዙር ልጁ ራሱ ይቀጥል እስካሉ ድረስ በመካከላችን የቀረ ክርክር የለም። ከሰልና አፈር በሚያሠሩበት ቀን ግን ከ40ው ደቂቃ የመጨረሻዎቹን 5 ደቂቃዎች ለእጅ መታጠብና ለጠረጴዛ ጽዳት ይተዉ፤ በትምህርት ቤታችሁ ውሃ በሚጠፋበት ቀን ደግሞ በእርሳስ የሚሠራ ተለዋጭ ሥራ አዘጋጅተው ይግቡ፣ ያለበለዚያ በሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ የእንግሊዝኛው መምህር ደብተሩን አይቶ ወደ እርስዎ መምጣቱ አይቀርም።